የታሰረ ንጉሥ ስም

አያቴ አንድ ታላቅ ወንድም ነበራቸው። በ1924 ዓ.ም. ሲወለድ ስሙ ኢያሱ ተባለ። ክረምቱ ሳይወጣ ግን አባቱ ቤተ ሰቡን ሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ልጅ ደምሴ በሉት» አሉ፤ ደምሴ እንደ ተባለም ኖሮ ሞተ። እኔ ሕፃን ሳለሁ «አባባ፣ ስሙ ለምን ተለወጠ?» ብዬ አያቴን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ያን ጊዜ ያ ስም ሰው ያሳስር ነበር» ብለው ዝም አሉ። እኔም ነገሩን የሽማግሌ ጨዋታ አድርጌ ተውሁት።

በመጨረሻው ክፍል የአውሮፓን ነገሥታት ታሪክ ስንማር፣ አባቶቻችን መስኮብ ይሉት በነበረው በሩሲያ አገር የነገሠ አንድ ሕፃን ንጉሥ አጋጠመኝ። ስሙ እንዳይጠራ በአዋጅ የተከለከለ መሆኑን ባነበብሁ ጊዜ ደምሴ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ስለ ጎጃም እንድጽፍ ብታዘዝም ነገሬን ከመስኮብ ስለ ጀመርሁ አትቀየመኝ፤ ዞሬ ወደ ዓባይ ማዶና ማዶ እመለሳለሁ።

ኢቫን 6ኛ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1740 ነው። የአያቱ እኅት ንግሥት አና ወራሽዋ አድርጋው ስለ ነበር እርስዋ ስትሞት የሁለት ወር ሕፃን ሳለ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። እንደራሴ ተሾመለት፤ እንደራሴው ወር ሳይሞላው ተሻረና የሕፃኑ እናት በቦታው ገባች። በሚከተለው ዓመት በታኅሣሥ ወር የታላቁ ጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ የክብር ዘበኞችን አስከትላ በሌሊት ቤተ መንግሥት ገባች፤ ሕፃኑንም ከነወላጆቹ ይዛ ራስዋ ነገሠች። ከዚያ በኋላ የኢቫን ስምና መልክ ያለበት ገንዘብ ተሰብስቦ እንዲቀልጥ፣ ስሙ የተጻፈበትም ወረቀት እንዲመለስ ትእዛዝ ወጣ። ልጁ ብርድ በጸናበት በሰሜን አገር ከወላጆቹ ተለይቶ አደገ። በ1756 ሽሊሰልቡርግ ወደሚባለው ምሽግ ተወስዶ ስም የሌለው እስረኛ ተብሎ ተቀመጠ።

ይህ ልጅ ለማንም ክፉ አላደረገም። አልዘመተም፣ አልሸፈተም፣ ደብዳቤ አልጻፈም። ሆኖም ኤልሳቤጥ ሞታ ጴጥሮስ 3ኛ ነግሦ፣ እርሱንም በ1762 ሚስቱ ካተሪን ከዙፋን ካወረደችው በኋላ እንኳ የምሽጉ እስረኛ ለአዲሲቱ ንግሥት እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነበር። ካተሪን የጴጥሮስ ሚስት እንጂ የነገሥታቱ ዘር አልነበረችም፤ እስረኛው ግን ገና በእቅፍ ሳለ የነገሠ ነው። ለጠባቂዎቹም፣ ማንም ሊያስፈታው ቢሞክር በሕይወት እጁን እንዳይሰጡ ምስጢራዊ ትእዛዝ ነበራቸው። በ1764 ሚሮቪች የሚባል የመቶ አለቃ ጥቂት ወታደሮች አሳምኖ ኢቫንን ሊያስፈታ ተነሣ። ወደ ክፍሉ ሲደርስ ያገኘው ሬሳ ነበር። ኢቫን ያን ጊዜ 23 ዓመቱ ነው። ሚሮቪችም በዚያው ዓመት አንገቱ ተቈረጠ።

ካተሪን ከዚህ በኋላ ያረፈች ይመስላል፤ ነገር ግን አላረፈችም። ባልዋ ጴጥሮስ ከዙፋን በወረደ በጥቂት ቀን በእስር ቤት ሞቶ ነበር። በ1773 ፑጋቾፍ የሚባል የዶን ኮሳክ «ጴጥሮስ 3ኛ እኔ ነኝ፤ አልሞትሁም» ብሎ ተነሣና ኮሳኩንና ገባሩን አስከተለ። ብዙ አገር አቃጠለ፤ በ1775 በሞስኮ እስኪገደል ድረስም የንግሥቲቱን ጦር አደከመ። ሕያው ንጉሥ በመታሰሩ ሌላ ሰው በስሙ ተነሣ፤ የሞተ ንጉሥ ደግሞ በሞቱ ጊዜ ስሙን ሌላ ሰው ለበሰው። እኔ ስለዚህ ነገር ሳስብ፣ ከዙፋን የወረደ ንጉሥ የሚያስፈራው በራሱ ጕልበት ሳይሆን ስሙን አንሥቶ በሚሄድ ሰው ጕልበት ነው እላለሁ። የእኛም ነገር እንዲህ ነበር።

አገራችን ለዚህ ችግር አሮጌ መድኃኒት ነበራት። የነገሥታቱ ወንድሞችና ልጆች ግራኝ እስከ ተነሣበት ዘመን ድረስ በአምባ ግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወኅኒ አምባ ይጠበቁ ነበር። ዛሬ እስር ቤትን ወኅኒ ቤት የምንለው ከዚያ የቀረ ስም ነው። በዘመነ መሳፍንት ግን የንጉሥ ስም ዋጋው ወርዶ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወረዱ፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉትም ስለዚሁ ነው። ኃይል ያለው ራሱ ደጃዝማቹ ወይም ራሱ ነበርና የወረደ ንጉሥ ማንንም አያስፈራም ነበር። አልጋው እንደ ገና ክብር ባገኘ ጊዜ ግን ፍርሃቱም አብሮ ተመለሰ።

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋ ረገድ፣ አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ዐፄ ምኒልክ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ወራሽ አድርገው በአዋጅ አስነገሩ፤ አዋጁም በብርቱ እርግማን የታሰረ ነበር። መኳንንቱ ማሉ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም አወገዙበት። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ወጣቱ ራሳቸው ሥልጣኑን ያዙ። ዐፄ ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ ግን ዘውድ አልጫኑም። አባታቸውን ንጉሥ አሰኝተው ሳለ እርሳቸው «ልጅ» ተብለው ቀሩ።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ልቁም። ከመኳንንቱ ወገን የነበሩ ሰዎች «ያልተቀባ ሰው ንጉሥ አይባልም፤ ስለዚህ ከዙፋን የወረደ ንጉሥ የለም» ይሉ ነበር። ይህ ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም። ንጉሥ ካልነበሩ መኳንንቱን ከመሐላቸው ለመፍታት ጳጳስ ለምን አስፈለገ? መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ክስ በቀረበባቸው ጊዜ፣ አቡነ ማቴዎስ በመጀመሪያ አመንትተው በመጨረሻ መሐላውን ፈቱ። ያሰረው እጅ ራሱ ፈታው። ክሱ እውነት ነው አይደለም የሚለውን ክርክር የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልጨረሱትም። ልጅ ኢያሱ ከሐረርና ከአፋር እስላሞች ጋር መወዳጀታቸው የታወቀ ነው፤ ብዙ ጸሓፊዎች ግን ይህን ሃይማኖት ከመለወጥ ይልቅ አገሩን ሁሉ በአንድነት ለመያዝ ካላቸው አሳብ ይቈጥሩታል። ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ልጅ ኢያሱ እንደ ኢቫን ዝም ብለው የተያዙ አይደሉም። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተዋግተው ድል ሆኑና ተማረኩ። ልጅዮው ግን ወደ ወሎ ከዚያም ወደ አፋር በረሃ ገብተው ከአራት ዓመት በላይ ሲንከራተቱ ኖሩ። በጥር 1913 ዓ.ም. በትግራይ በጉግሣ አርኣያ ሥላሴ እጅ ተይዘው ለራስ ካሣ ኃይሉ ዳርጌ ተሰጡና በሰላሌ ፍቼ ተቀመጡ። አክስታቸው ንግሥት ዘውዲቱ ለወንድማቸው ልጅ ሳይሆን ለእኅታቸው ልጅ አዝነው ኑሮአቸው እንዲመች ያደርጉ ነበር ይባላል። ሽማግሌዎች ደግሞ «በወርቅ ሰንሰለት ታስረው ነበር» ብለው ይተርካሉ። ወርቅም ይሁን ብረት፣ የሽሊሰልቡርግን ጨለማ ላነበበ ሰው ፍቼ የተሻለ ግዞት ነበር።

አሁን ወደ ጎጃም ልመለስ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ደብሮች አንድዋ ናት። ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው የመሳፍንትን ቃል ሲሰማ ወርቁን መፈለጉ አይቀርም። ከወረዳችን በስተ ደቡብ ዓባይ ይፈሳል። ለቀድሞ ሰው ዓባይ ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ሥልጣን የሚያልቅበትና የሚጀምርበት ወሰን ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ብለው የሰየሙት፣ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ቆስለው መማረካቸውን ቤታቸው አልረሳም። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ጎጃምን ሲያስተዳድሩ ከአገሩ ባለጸጎች አንዱ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹን ተከትለው አውሮፓን አይተዋል። ግብር በማብዛታቸው ግን ባላገሩ ሲያጕረመርም ኖሮአል፤ ጎጃሜ ሁሉ ይወዳቸው ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ከልጅ ኢያሱ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ነበረ። ልጃቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የልጅ ኢያሱ ሚስት ነበረች። ይህም ማለት በፍቼ የታሰረው ሰው ለአዲስ አበባ ባላንጣ፣ ለደብረ ማርቆስ ግን አማች ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው አዶንያስ አቢሳን ለሚስትነት በለመነ ጊዜ ሰሎሞን ምን እንደ ተረጐመው ያውቃል። የነገሥታት ጋብቻ ጋብቻ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ንግሥት ዘውዲቱ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ዐርፈው ተፈሪ መኰንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወጣ፤ አልጋውም ለእርሳቸው ዘር የተወሰነ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለአሮጌዎቹ የመሳፍንት ቤቶች የቀረው ቦታ ጠባብ ነበር። ራስ ኃይሉም ይህን ከማንም ቀድመው ሳያዩት አልቀሩም።

በግንቦት 1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ አመለጡ። ግንቦት ክረምት ያልገባበት፣ ዓባይ ያልሞላበት ወር ነው። ወደ ጎጃም አቅጣጫም ሸሹ። ሸዋ ተሸበረ። ይሁን እንጂ ነፃነታቸው ብዙ ቀን አልቈየም፤ ተያዙ። የያዙዋቸውም የራስ ኃይሉ የቅርብ ዘመድ የሆኑት ገሠሠ በለው እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሓፊዎች ይናገራሉ። ከአንድ ቤት አንዱ በማስፈታት ሲከሰስ ሌላው መልሶ አሰረ ማለት ነው። ራስ ኃይሉ ማምለጡን ረድተዋል ተብለው በአዲስ አበባ ተፈረደባቸው፤ ሀብታቸው ተወረሰ፤ ራሳቸውም ታሰሩ። ጎጃምን እንዲያስተዳድሩ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ፤ አገሩም በዚያን ጊዜ ከተክለ ሃይማኖት ቤት እጅ ወጣ። የአያቴ አባት የልጃቸውን ስም የለወጡት በዚህ ክረምት ነው። ድኻ ገበሬ ነበሩ፤ ከራስም ከንጉሥም ጋር አንድ ጉዳይ አልነበራቸውም። ስሙ ግን በቤታቸው ነበረ።

ራስ ኃይሉ ይህን ለምን አደረጉ? አንዳንዱ ለአማቻቸው አዝነው ነው ይላል። እኔ ግን አይመስለኝም። አሥር ዓመት ሙሉ ልጅ ኢያሱ በፍቼ ሲቀመጡ የራስ ኃይሉ ኀዘን አልተሰማም፤ የተሰማው የራሳቸው ሥልጣን በተነካ ጊዜ ነው። ሚሮቪችም ኢቫንን ከዚያ በፊት በዓይኑ አላየውም ነበር ይባላል፤ የራሱ ቤተ ሰብ የተወረሰ ርስት ግን ነበረው። አዳኝ ተብሎ የሚመጣ ሰው በኪሱ የራሱን ጉዳይ ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ አየሁ። ልጅ ኢያሱም ከመለቀቁ ያተረፉት ነገር የለም። ከፍቼ ምቾት ተነሥተው በሐረርጌ ጋራ ሙለታ ወደ ጠበቀ እስር ተወሰዱ። እዚያ ከወዳጅም ከዘመድም ርቀው ነበር።

እዚያም ቢሆን ስማቸው አላረፈም። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ በወረረን ጊዜ፣ አውሮፕላኖቹ ቦምብ ብቻ አልጣሉም፤ ሕዝቡ ከኃይለ ሥላሴ ተለይቶ እውነተኛው ንጉሠ ነገሥት ኢያሱ 5ኛ ነውና ለእርሱ እንዲገዛ የሚሰብክ ወረቀትም በተኑ። የአድዋን ድል የነሣቸውን የምኒልክን የልጅ ልጅ ያነገሥንላችሁ እኛ ነን ሊሉ! ሮማ ለኢትዮጵያ ዙፋን ሕጋዊ ወራሽ ስትፈልግ ማየት የሚያስቅ ነገር ነበር፣ ጊዜው የማያስቅ ባይሆን። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ መሞታቸው ተነገረ። እንዴት እንደ ሞቱ በግልጽ አልተነገረም፤ መቃብራቸውም አልታወቀም። የኢቫንም መቃብር እንዲሁ አይታወቅም። ሁለቱም የሞቱት ሰው በስማቸው በተነሣ ጊዜ ነው።

ወሬኛ ሁሉ ስለ ልጅ ኢያሱ ሞት የሚያወራውን እዚህ አልጽፍም። አንድ ነገር ግን እጽፋለሁ። ጠላት በደጅ ሳለ፣ በስሙ አገር የሚከፈልበትን እስረኛ መጠበቅ ለንጉሠ ነገሥቱ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር አስተውላለሁ፤ ይህን ማስተዋል ግን እስረኛው በደለኛ ነበር ከማለት ጋር አንድ አይደለም። ለብዙ ዘመን በመጻሕፍት ውስጥ የልጅ ኢያሱ ነገር በአሸናፊዎቹ ቃል ብቻ ተጽፎ ኖረ። አሸናፊውም በተራው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርዶ በዓመቱ በእስር ሞተ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ከወለል በታች ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ። ደርግም ከወረደ ንጉሥ መቃብር ሳይፈራ አልቀረም።

ስሙም ከሞት በኋላ ሥራውን አላቋረጠም። በጠላት ዘመን የሸዋ አርበኞች፣ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ፣ የልጅ ኢያሱን ልጅ መልአከ ፀሐይን አንግሠው በስሙ ተዋግተዋል፤ ልጁም ብዙ ሳይቈይ ሞተ። ጣልያን ሊጠቀምበት የፈለገውን ስም ጣልያንን የሚወጉ ሰዎች አነሡት። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ተደሰትሁ፤ መደሰቴንም አልደብቅም።

የቀሩትን ሰዎች ነገር ልጨርስ። ገሠሠ በለው በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ከዘመቱ በኋላ በጎጃም ዐመፁ፤ ልጅ ኢያሱን ይዘው አስረከቡ የተባሉት ሰው ሦስት ዓመት ተኩል ሳይሞላ በዚያው መንግሥት ላይ ተነሡ። ራስ ኃይሉ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ አብረው በባቡር ተወስደው ነበር፤ መንገድ ላይ ቀርተው ለጣልያን ገቡ። ጣልያንም በመጨረሻው ጊዜ አርበኛውን እንዲያበርዱለት ወደ ጎጃም መለሳቸው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ራስ ኃይሉም በአባታቸው ከተማ፣ ወጣት ሳሉ ባደጉበት ቦታ ቀርበው እጅ ነሡ። ሸምግለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አልገደሉዋቸውም፤ ጎጃምን ግን ዳግመኛ ሳያስተዳድሩ በአዲስ አበባ ኖረው ሞቱ።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ለአያቴ አነበብሁላቸው። ዓይናቸው ደክሞአል፤ ጆሮአቸው ግን ደኅና ነው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጅ ኢያሱ አትበል፤ አባቴ አቤቶ ኢያሱ ነበር የሚሉት» አሉኝ። «ታዲያ አባባ፣ አቤቶ ካሉዋቸው የልጃቸውን ስም ለምን ለወጡት?» አልሁዋቸው። «በደጅ ደምሴ ነው ያሉት» አሉ አያቴ፤ «ሌሊት ሲጸልዩለት ኢያሱ ይሉት ነበር።»